ሰንጋ የሆነው ማስያዣ

መምህር ሆሴዕ ማስያዣውን ለመጠየቅ ወደ አከራዩ ወደ ጋሽ ሳህሉ ቤት ሲነሣ ነገሩ አምስት ደቂቃ ይፈጃል ብሎ ነበር። ርቀቱ እንደሆነ ግቢው አንድ ነው። እሱ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ይኖራል፣ ጋሽ ሳህሉ ከፊት ባለው ትልቁ ቤት፤ መሃል ላይ እንሰቱ አለ። እንሰቱን ዞሮ፣ ሰላም ብሎ፣ አሥር ሺህ ብሩን ተቀብሎ፣ አመስግኖ መመለስ ነው። የፊዚክስ መምህር ስለሆነ ነገር ሁሉ በቀጥታ መስመር የሚሄድ ይመስለዋል፤ ምን ይደረግ።

ጉዳዩ ደግሞ የሚያስቸኩል ነው። አንድ ዓመት ሙሉ እሱ እዚህ ሆሳዕና፣ ሚስቱ ማራኪ ዱራሜ፣ እናቷ እትዬ ገነቴ ዘንድ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የከረሙት። ዳዴ ስትል ትቷት የመጣው ልጁ ሳምሪ ዛሬ ቆማ ትሄዳለች፤ "አባትሽ የታለ?" ሲሏት ጣቷን ወደ ስልኩ ትቀስራለች። በስንት ደጅ ጥናት ዘንድሮ ዝውውሩ ተሳካ። ማራኪም ዱራሜ ላይ ሊሻን ከምትባል ባለሱቅ ጓሮ ሁለት ክፍል አገኘች። ሊሻን ደግ ሴት ናት፣ ግን ነጋዴ ናት። አሥር ሺህ ብር ማስያዣ እስከ ዓርብ ካልደረሰኝ ቤቱን ለአንድ የባንክ ሠራተኛ እሰጠዋለሁ ብላለች። ሆሴዕ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ያለው አሥር ሺህ ብር ጋሽ ሳህሉ እጅ ያለው ብቻ ነው።

ማራኪ በስልክ ያለችው አጭር ነበር። "ይሄ ቤት ካመለጠን ሌላ ዓመት እናቴ እግር ሥር አላድርም። አንተም እዛው ቅር።" ማራኪ ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ያን ቀን በጣም ዝቅ ብሎ ስለነበር ሆሴዕ ሁለት ጊዜ አስደግሟታል።

እና ማክሰኞ ከሰዓት እንሰቱን ዞሮ ሄደ። ጋሽ ሳህሉ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ራዲዮ ያዳምጣሉ። ዕድሜያቸውን በመንግሥት ንብረት ክፍል ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ከሞተችባቸው የቆዩ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ እንግዲህ ዓርብ መሄዴ ነው" አለ ሆሴዕ።

"እግዚአብሔር ይባርክህ። ቁጭ በል።"

ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ትምህርት ቤቱ አወሩ። አዲሎ ላይ ስለተበላሸ መኪናም ጥቂት አወሩ።

"ማስያዣዋንም ለመቀበል ነበር አመጣጤ" አለ በመጨረሻ።

"የትኛዋን?"

"ቤቱን ስከራይ የሰጠሁዎትን። አሥር ሺዋን።"

ጋሽ ሳህሉ ራዲዮውን ዘጉ። "እሷንማ በላሃት እኮ፣ መምህር" አሉ።

ሆሴዕ ሳቀ። ጋሽ ሳህሉ አልሳቁም። እሱም ትንሽ ቆይቶ ተወው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓምና ቤቱን ሲያከራዩት ጋሽ ሳህሉ ማስያዣ የሚባል ነገር አልጠየቁም፤ በዚያ ሰፈርም የሚጠይቅ አልነበረም። ጣጣው የመጣው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ከተገዛው የውል ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ "የማስያዣ ገንዘብ" ይልና ነጥብ ነጥብ ያለበት ባዶ ቦታ አለው። ጋሽ ሳህሉ ሠላሳ ዓመት ንብረት ሲያስገቡና ሲያስወጡ ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ ፈርመው አያውቁም። "ይሞላ" አሉ። ሆሴዕ ያን ሰሞን ውዝፍ ደመወዝ ተቀብሎ ኪሱ ሞቅ ብሎት ነበር። አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ ሰው መሆኑንም ማሳየት አማረው። አሥር ሺህ ብሎ ሞላው። አይ ሆሴዕ! ማንም ሳይጠይቀው።

ብሩን የተቀበሉት ጋሽ ሳህሉ ግራ ገባቸው። የእሳቸው አይደለም፣ አይበሉት። አደራ ነው፣ ትራስ ሥር አያሳድሩት። ስለዚህ በሰፈሩ ዘንድ ከሁሉም በላይ ወደታመነው ቦታ ወሰዱት። ቱታ ውስጥ ከተቱት።

ቱታ ስል የሥራ ልብሱን አይደለም። በሀዲያ ቱታ ማለት ለያሆዴ፣ ለመስቀል በዓል ማለት ነው፣ ሰንጋ የሚገዛበት የጎረቤት ማኅበር ነው። ዓመቱን ሙሉ ያዋጣሉ፣ በመጨረሻ ሰንጋ ይገዛሉ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ አርደው ይካፈላሉ። የነጋሽ ሳህሉ ቱታ አሥር መደብ አለው። አሥር አባል፣ ለያንዳንዱ አሥር ሺህ ብር፣ አንድ በሬ። ቱታ የሌለው ሰው በበዓል ቀን ከሥጋ ቤት በፌስታል አንጠልጥሎ በሰፈሩ መሃል የሚያልፍ ሰው ነው፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ ባናወራ ይሻላል።

"ዓምና ለመስቀል ሥጋ ሰጥቼሃለሁ ወይስ አልሰጠሁህም?" አሉ ጋሽ ሳህሉ።

"ሰጥተውኛል።"

"ስንት ኪሎ?"

"አሥራ አምስት ይሆናል። ከነጎድኑ።"

"ታዲያ እኔ ለተከራይ አሥራ አምስት ኪሎ ሥጋ ከነጎድኑ በነፃ የማድል ቱጃር እመስልሃለሁ?"

ሆሴዕ ያን ሥጋ አሳምሮ ያስታውሰዋል። በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ፣ በሚኒባስ አሳፍሮ፣ ዱራሜ ድረስ አድርሶታል። እስከዚያ ቀን ድረስ "ያ ሰውዬ" ይሉት የነበሩት አማቱ ከዚያ ወዲህ "ልጄ" ማለት ጀምረዋል። አከራዬ በስጦታ ሰጠኝ ብሏቸው ስለነበር ለጋሽ ሳህሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸሎት አስይዘውላቸዋል። አሁን ደረቅ ሒሳቡ ሳይፈልገው በጭንቅላቱ ውስጥ ተሠራ፦ ኪሎው ስድስት መቶ ስልሳ ስድስት ብር ከስልሳ ሰባት ሳንቲም።

"ጋሼ፣ የራሴን ገንዘብ እየበላሁ መሆኑን አልነገሩኝም እኮ።"

"ደስ ብሎህ ወስደህ ደስታህን ላበላሽ?"

ሆሴዕ ንድድ አለው። ግን አባቱን የሚያህሉ ሰው ናቸው፤ ምን ይበላቸው? ፍርድ ቤት እሄዳለሁ ብሎ አሰበ፣ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ለእረፍት ተዘግቷል፣ እስከ ጥቅምት። ሊሻን እስከ ጥቅምት እንደማትጠብቅ ሳይደውልላትም ያውቃል።

ጋሽ ሳህሉ ፊቱን አዩት። "ቅር ካለህ ሐሙስ ቱታው ይሰበሰባል። እዚያ ተናገር። በደልኩት ካሉኝ እከፍላለሁ።"

የሚዳኙት የሳቸው ጓደኞች፣ የሳቸው ጎረቤቶች፣ አብረዋቸው ሠላሳ በሬ የበሉ ሰዎች ናቸው። ሆሴዕ ይህን እያወቀ እሺ አለ። ሌላ ምን አማራጭ አለው?

ሐሙስ ከሰዓት በጸሐፊው በአቶ ወልደየሱስ ግቢ ተሰበሰቡ። የዘንድሮው ሰንጋ እዚያው ግቢ ውስጥ ታስሯል። ከሾኔ ገበያ የመጣ፣ ዳማ፣ ሻኛው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ፉርሽካውን እየበላ ከባሕር ዛፍ አግዳሚ ላይ የተደረደሩትን ሰዎች አልፎ አልፎ ይመለከታል። ጸሎት ተደረገ፣ ቆሎ ዞረ፣ ከዚያ ሆሴዕ ተነሥቶ ተናገረ። ውሉን አነበበ። ማስያዣ የተባለው ተከራይ ሲወጣ እንዲመለስለት መሆኑን አስረዳ። ከዚያ ጋሽ ሳህሉ ተነሡና "ሰጠኝ፣ ቱታ አስገባሁለት፣ ሥጋውን ተረከበ" ብለው ተቀመጡ። ንብረት ክፍል እንዲህ ነው የሚናገረው።

ሽማግሌዎቹ በሀዲይኛ ተወያዩ። ሆሴዕ ከምባታ ነው፤ መሃል መሃሉን ነው የሚይዘው። ለእሱ ሲሉ በየጊዜው ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፣ የሚመለሱት ግን ሊጠይቁት ነው።

"ሥጋው ምን ይመስል ነበር?" አለ አንዱ።

"ጥሩ ነበር።"

"ጮማ ነበረው?"

"ነበረው።"

"ጎድኑን ማን በላው?"

"አማቴ ናቸው በብዛት።"

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎድን ለአማት መሄዱ ነገሩን አከበደው። አንድ ጠና ያሉ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "መምህር፣ እኛ እናከብርሃለን፣ ልጆቻችንን አስተምረሃል" አሉ። ሆሴዕ ይሄን ሲሰማ መሸነፉን አወቀ። "ግን ማስያዣን በልቶ፣ ለአማት አብልቶ፣ ተመልሶ ማስያዣዬን ማለት አይሆንም።"

የዱራሜው ቤት አመለጠ ማለት ነው። ሊሻን ቁልፉን ለባንክ ሠራተኛው ስታቀብል ታየው። ማራኪ አንሶላዋን እናቷ አልጋ ሥር ስትዘረጋ ታየው። እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ጉዳዩ ሊዘጋ ሲል አቶ ወልደየሱስ "ለወጉ ያህል ከመዝገቡ እናረጋግጥ" አሉና የቱታውን ደብተር ገለጡ። የዓምናውን ገጽ አገኙ። በጣታቸው ወረዱ። ከላይ እስከ ታች ወረዱ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ከላይ እስከ ታች ወረዱ።

"ሆሴዕ የሚባል የለም" አሉ።

"እንዴት የለም?" አለ ሆሴዕ።

"ዘጠኛችሁን አውቃለሁ። የከፈላችሁትም ከየራሳችሁ ነው። የቀረው በዝርዝሩ ዘጠነኛው መደብ ነው።" ጋሽ ሳህሉን ላለማየት ወደ በሬው እያዩ አነበቡት። "ሚክያስ ሳህሉ።"

ቆሎ የሚቆረጥም ሰው አልነበረም። ሆሴዕ ሚክያስን በፎቶግራፍ ያውቀዋል፤ ትልቁ ቤት ግድግዳ ላይ፣ የምረቃ ካባ ለብሶ። ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ ሰምቷል። ከዚያ በላይ ጠይቆ አያውቅም፣ የተከራይ ነገር።

የቀረውን አቶ ወልደየሱስ በአማርኛ ነገሩት፤ ነገሩን ለመጨረስ የቸኮለ ሰው አነጋገር ነበር። ሚክያስ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ይደውል ነበር፣ የመደቡንም ብር በየዓመቱ ይልክ ነበር። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ሁለት ዓመት ሆነው። ስለ እሱ አየሁ ያለ፣ ሰማሁ ያለ አልመጣም። የቱታው ደንብ ግልጽ ነው፦ አንድ ዓመት ያልከፈለ ይሰረዛል፣ የተሰረዘ አይመለስም፣ ተራ የሚጠብቅ ይገባል። የጋሽ ሳህሉ ጡረታ ደግሞ ለአንድ መደብ እንጂ ለሁለት አይበቃም። ዓምና መዝገቡ ሊዘጋ አሥር ቀን ሲቀረው ሁለቱን ክፍሎች ለሆሴዕ አከራዩ፤ ማስያዣውንም በሚክያስ ስም ከፈሉት።

ጠና ያሉት ሰውዬ ደብተሩን ተቀብለው ራሳቸው አዩት። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል እየመዘኑ ፍርዱን አዞሩት።

"እንግዲያው ሥጋው የሚክያስ ነበር። ሚክያስ ለመምህሩ ስጦታ ሰጠው። ስጦታ ደግሞ አይታሰብም። መምህሩ ማስያዣውን አልበላም።"

"አልበላም" አሉ ሌሎቹም ተራ በተራ።

ሆሴዕ ረታ። የሚገርመው ደስ አላለውም።

"ጋሼ፣ ያኔ የመምህሩን ስም ቢያስጽፉ ኖሮ ዛሬ ነፃ ነበሩ እኮ" አሉ አቶ ወልደየሱስ።

"አውቃለሁ" አሉ ጋሽ ሳህሉ።

ቀጥሎ የመጣው የአከፋፈሉ ነገር ነው። ጋሽ ሳህሉ ጥሬ ብር የላቸውም። የሆሴዕ የዓመት ኪራይ ከጡረታቸው ጋር ተደምሮ የዘንድሮውን ሁለት መደብ ከፍሏል፤ ገንዘቡ እዚያ ቆሞ ፉርሽካ ይበላል። ያለው መንገድ አንድ ነው፣ ከሁለቱ መደብ አንዱን መሸጥ። ገዢ አልጠፋም። ብረት በያጁ ጥሩሰው ተራ ሲጠብቅ ሦስት ዓመቱ ነው። ተደወለለት። የብየዳ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ መጣ። መደብ ተገኘ ሲሉት ዋጋ አልጠየቀም፤ ስልኩን አወጣ።

አቶ ወልደየሱስ የዘንድሮውን ገጽ ገልጠው እስክሪብቶ አነሡ። "እንግዲህ ዘጠነኛውን ሰርዤ ጥሩሰውን ላስገባ" አሉ።

"አንደኛውን ነው" አሉ ጋሽ ሳህሉ።

አንደኛው የራሳቸው የጋሽ ሳህሉ ስም ነው። ቱታውን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከላይ የተጻፈው ስማቸው ነው። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አንድ ላይ በሀዲይኛ መናገር ጀመረ። የሆሴዕ ሀዲይኛ አልበቃውም፣ ግን "ተው" ማለት በየትኛውም ቋንቋ ይገባል።

"ጋሼ፣ የተሰረዘ አይመለስም፤ ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት" አሉ አቶ ወልደየሱስ። "ልጁ እኮ አሁን..." አሉና አልጨረሱትም።

"ልጁ አሁን ምን?" አሉ ጋሽ ሳህሉ።

ጥሩሰው ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ።

ጋሽ ሳህሉ ተነሡ። ድምፃቸው ያው የንብረት ክፍል ድምፅ ነበር፣ ከፍም ዝቅም አላለም። "በዚህ ደብተር እስከ ዛሬ የሰረዝነው የሞተን ሰው ብቻ ነው። ሰባት ሰው ቀብረን ሰባት ስም ሰርዘናል። ደንቡ ስላልከፈለ ይላል፣ እናንተ ግን ስሙን ተሰርዞ ስታዩ የምታስቡትን እኔ አውቃለሁ። እኔ ይኸው ቆሜያለሁ፤ ሁላችሁም ታዩኛላችሁ። የኔ ስም ቢሰረዝ የሚሳሳት የለም። የሱን አትንካ።"

አቶ ወልደየሱስ እስክሪብቶውን እንደያዙ ቆዩ። ከዚያ አንደኛውን ሰረዙ። መስመሩ ቀጥ ያለ አልነበረም።

"የሚክያስን ድርሻ በበዓሉ ማን ይረከባል?" አሉ፣ አንገታቸውን ሳያቀኑ።

"አባቱ" አሉ ጋሽ ሳህሉና ተቀመጡ።

ጥሩሰው ብሩን ላከ። የሆሴዕ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሲጮህ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አውጥቶ አየው። አሥር ሺህ ብር፣ አንድም ሳንቲም ሳይጎድል።

ግማሹን ልተውልዎ ሊል ወደ ጋሽ ሳህሉ ሄደ። እውነቴን ነው፣ ሊል ነበር። አጠገባቸው ደርሶ ቆመ፤ አፉንም ከፈተ። ሊሻን በግማሽ ማስያዣ ቤት አትሰጥም። ጋሽ ሳህሉ አፉን ከፍቶ መቅረቱን አይተው ንብረት ክፍል ሳሉ ለባለጉዳይ ያሳዩት የነበረውን ዓይነት ፈገግታ አሳዩት።

"መምህር፣ አንተ ወደ ልጅህ ነው የምትሄደው። ሂድ እንጂ፣ ምን ትቆማለህ?" አሉት። "እኔ እዚሁ ነኝ። የሚጠብቅ ሰው ብዙ ወጪ የለበትም።"

ሆሴዕ ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ቆመና ማራኪ ጋ ደወለ። ብሩ ተገኝቷል፣ ለሊሻን አሁኑኑ እልካለሁ፣ ቁልፉን ተቀበዪ አላት። ማራኪ ድምፅዋ ከፍ አለ፤ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከኋላዋ ልጅቷ የሆነ ነገር ስትል ይሰማል።

"ምነው፣ ደስ አላለህም እንዴ?" አለችው።

"ደስ ብሎኛል" አላት። አልዋሸም፣ ደስ ብሎታል። ቆሞም ያለቅስ ነበር፣ አላፊ አግዳሚው እያየው።